“ወላጅ አምጣ” የተባለ ልጅ ማንን ያመጣል?



በከተማችን 2ኛ ደረጃ ት/ቤቶች በር ላይ ብዙ ሰው የሚያውቀው አንድ ልማድ አለ። ተማሪው ከክፍል ሲፎርፍ፣ ሲደባደብ ወይም ሲጋራ ይዞ ሲገኝ “ነገ ወላጅ አምጣ፤ አለበለዚያ አትገባም” ይባላል። ልጁ ግን ወደ ቤቱ ሄዶ የሆነውን አይናገርም። በማግስቱ ከት/ቤቱ አካባቢ አንድ ጎልማሳ ፈልጎ፣ ጥቂት ብር ሰጥቶ፣ “አጎቴ ነው” ወይም “አባቴ ነው” ብሎ ይዞት ይገባል። የተከራየው “አባት” በመምህሩ ፊት ልጁን ይቆጣዋል፤ ደፈር ያለውም ጆሮውን ይቆነጥጠዋል። ከዚያ ፈርሞ ይወጣል። እውነተኛው አባት በዚያች ሰዓት ሱቁ ውስጥ ቆሞ ልጁ ትምህርት ላይ እንዳለ በሙሉ ልቡ ያምናል።

ይህ ሲወራ ብዙዎቻችን እንስቃለን። እኛም በተማሪነታችን ያየነው ወይም ያደረግነው ስለሆነ እንደ ጨዋታ እናልፈዋለን። ነገር ግን ቆም ብለን ብናስበው የሚያስቅ አይደለም። አንድ የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ በጣም በቸገረው ቀን ከወለደው አባቱ ይልቅ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው መርጧል። ለዚህ ምርጫ ያበቃው ምንድን ነው? ልጁ ባለጌ ስለሆነ ብቻ ነውን? ወይስ በቤቱ ውስጥ እውነትን መናገር ከመዋሸት የበለጠ ዋጋ ስለሚያስከፍለው?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በወላጆች የአስተዳደግ ዘዴና በ2ኛ ደረጃ ተማሪዎች ጥፋት መካከል ያለውን ግንኙነት ማሳየት ነው። ማንንም ለመውቀስ የቀረበ ሳይሆን ጸሐፊውን ጨምሮ ሁላችንም ወላጆች ራሳችንን እንድንመረምርበት የቀረበ ነው።

ጥፋት ስንል ምን ማለታችን ነው?

እንደሚታወቀው በዚህ ዕድሜ የሚታየው ጥፋት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከክፍል መፎረፍ፣ መምህርን መዳፈር፣ ፈተና መኮረጅ፣ ጫትና ሺሻ መጀመር የመሳሰሉት አሉ። ከዚህ ከፍ ብሎም ስርቆት፣ በቡድን መደባደብ፣ ስለት መያዝና ቁማር አለ። የመጀመሪያዎቹ በት/ቤት ደንብ የሚታዩ ሲሆኑ የኋለኞቹ ግን ወደ ፖሊስ ጣቢያና ወደ ፍርድ ቤት ያደርሳሉ።

እዚህ ላይ ወላጆች ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው የኢትዮጵያ ወንጀል ሕግ መሠረት 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ደግሞ ለወጣት አጥፊዎች በተለየ ድንጋጌ ይታያል። ከ15 ዓመት በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው ግን የሚዳኘው በመደበኛው ሕግ ነው፤ ዳኛው ዕድሜውን ተመልክቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል እንጂ እንደ ሕፃን አይታይም። በ7 ዓመቱ 1ኛ ክፍል የገባ ልጅ ሳይደግም ቢያልፍ 9ኛ ክፍል የሚደርሰው በ15 ዓመቱ ነው። ስለሆነም ልጃችን የ2ኛ ደረጃ ት/ቤትን በር የሚረግጥበት ጊዜና ሕጉ “ከእንግዲህ ልጅ አይደለህም” ለማለት የሚቃረብበት ጊዜ አንድ ነው። እኛ ገና “ልጅ ነው” እያልን ሳለ ሕጉ ቀድሞናል ማለት ነው።

በሌላ በኩል ግን ያጠፋ ልጅ ሁሉ ጠፍቷል ብሎ ተስፋ መቁረጥም ስሕተት ነው። ቴሪ ሞፊት የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመችው ጽሑፍ አጥፊ ወጣቶችን በሁለት ትከፍላቸዋለች። ጥቂቶቹ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አስቸጋሪ የነበሩና በጥፋታቸው የሚዘልቁ ናቸው። የሚበዙት ግን በጉርምስና ዘመን ጀምረው ዕድሜያቸው ሲበስል የሚተዉ ናቸው። በመሆኑም የአብዛኛው ወላጅ ሥራ ልጁ ይህን አደገኛ ወንዝ እስኪሻገር ድረስ እጁን አለመልቀቅ ነው። አደጋው ያለው በመሐል ነው፤ አንዲት የስለት ውጊያ፣ አንዲት ሱስ ወይም ከትምህርት ገበታ መባረር ጊዜያዊ የነበረውን ጥፋት የዕድሜ ልክ ልታደርገው ትችላለች።

አራት ቤቶች፣ አንድ ጥፋት

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አራት ቤቶችን በምሳሌ እንውሰድ። ምሳሌው ለማስተማሪያ ያህል የተሰናዳ እንጂ የማንንም ቤት የሚመለከት አይደለም። አራት የ10ኛ ክፍል ልጆች ከሰዓት በኋላ ክፍል ትተው ጫት ቤት ተቀምጠው ተገኙ እንበል። የክፍል ኃላፊው መምህር ለአራቱም ቤት ስልክ ደወሉ።

ሀ. የቁጣ ቤት፦ አባት ስልኩን እንደዘጋ ደሙ ፈላ። ማታ ልጁ በር ሲገባ ቀበቶው ተፈትቶ ጠበቀው። “አሳፈርከኝ! ሰው ምን ይለኛል?” እያለ መታው። ለምን እንደቀረ፣ ከማን ጋር እንደነበረ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልጠየቀም። ልጁ አለቀሰ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ተኛ። አባትም “ልኩን አገባሁት” ብሎ አረፈ። ልጁ ከዚያች ሌሊት የተማረው ግን “ሁለተኛ አልቅምም” የሚለውን አይደለም። “ሁለተኛ አልያዝም” የሚለውን ነው። የሚቀጥለው “ወላጅ አምጣ” ሲመጣ ወላጅ የሚከራየው ይህ ልጅ ነው።

ለ. የእሺታ ቤት፦ የዚህ ልጅ እናት ጅዳ ሠርታ በየወሩ ብር ትልካለች። ልጁን የምታሳድገው አያቱ ናት። አያት ስልኩን ሰምታ “እናቱን ናፍቆ ነው፤ ሆዱ እንዳይባባ” አለች። እናትም በስልክ ስትሰማ አለቀሰች፤ በሚቀጥለው ወር ከበፊቱ የተሻለ ስልክ ገዝታ ላከችለት። በዚህ ቤት ፍቅር ሞልቶ ተርፏል። ልጁ የሚወደድ መሆኑን አይጠራጠርም። ነገር ግን “ይህ አይሆንም” የሚል ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ ከጓደኛው አንደበት የሚወጣው “ና እንሂድ” ብቸኛው ትእዛዝ ሆኖበታል።

ሐ. የዝምታ ቤት፦ አባት መርካቶ ይውላል። ከሱብሒ በኋላ ይወጣል፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይገባል። ለመምህሩ “እሺ፣ አነጋግረዋለሁ” አለ፤ ደንበኛ መጣና ረሳው። እናትም ከታናናሾቹ ጋር ስትታገል ትውላለች። ልጁ ለሦስት ቀን ቅጣቱን ሲጠብቅ ሰነበተ። ምንም ሳይመጣ ሲቀር የተሰማው እፎይታ ብቻ አልነበረም። “ለካ ብኖርም ባልኖርም ያው ነኝ” የሚል ስሜት ነበር። ይህ አባት ክፉ ሰው አይደለም። ለልጆቹ ብሎ የሚደክም ሰው ነው። ድካሙ ግን ከልጆቹ ለየው።

መ. የምክክር ቤት፦ እዚህም አባት ተቆጥቷል። ዉዱእ አድርጎ ቁጣው እስኪበርድ ጠበቀ። ከዒሻ ሶላት በኋላ ልጁን ይዞ በእግር ወጣ አለና “መምህርህ ደውለውልኝ ነበር። ከአንተው አፍ መስማት ፈልጌ ነው” አለው። ልጁ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፤ አባትም አብሮት ዝም አለ። በመጨረሻ “አባ፣ ሒሳብ አልገባኝም። ሰሌዳ ላይ ሲያወጡኝ ክፍሉ ሁሉ ይስቅብኛል። ለዚህ ነው የቀረሁት” አለ። አባት እንዲህ መለሰለት፦ “እውነቱን ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል። ጥፋቱ ግን ጥፋት ነው። ለአንድ ወር ከት/ቤት በቀጥታ ወደ ሱቅ ትመጣለህ። ሒሳቡን የአጎትህ ልጅ ያስጠናሃል። ሰኞ አብረን መምህሩ ዘንድ እንሄዳለን።” ሰኞም ሄዱ። ወሩም ተቆጠረ።

አራተኛው ቤት ቅጣት አልቀረም። እንዲያውም ከአራቱ ቤቶች ረጅሙ ቅጣት የተቀጣው በዚህ ቤት ነው። ልዩነቱ ቅጣቱ ከመስማት በኋላ መምጣቱና አባት የልጁን ጥፋት ከልጁ ማንነት መለየቱ ነው።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

ይህ አከፋፈል ከእኛ የመነጨ አይደለም። ዳያና ባውምሪንድ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ሊቅ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ ወላጆችን ስታጠና ሦስት ዓይነት አስተዳደግ ለየች፦ ጥብቅ ትእዛዝ እንጂ ርኅራኄና ምክክር የሌለበት ጨቋኝ አስተዳደግ፣ ርኅራኄ እንጂ ደንብ የሌለበት ልቅ አስተዳደግ፣ ሁለቱንም ያጣመረ ሚዛናዊ አስተዳደግ። እ.ኤ.አ. በ1983 ኤሊነር ማኮቢና ጆን ማርቲን አራተኛውን ጨመሩ፤ እርሱም ርኅራኄም ደንብም የሌለበት ቸልተኛ አስተዳደግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 የእነ ላምቦርንና ስታይንበርግ ጥናት በካሊፎርኒያና በዊስኮንሲን የሚገኙ 4,100 ያህል የ2ኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጠይቆ ይህን አከፋፈል ፈተነው። ውጤቱ ከአራቱ ቤቶቻችን ጋር ይመሳሰላል። በሚዛናዊ ቤት ያደጉት በትምህርትም በጠባይም የተሻሉ ሆነው ተገኙ። በቸልተኛ ቤት ያደጉት በሁሉም መስፈርት ዝቅተኞች ነበሩ። በልቅ ቤት ያደጉት በራሳቸው የሚተማመኑ ቢሆኑም በአደንዛዥ ነገሮችና በት/ቤት ጥፋት ላይ የመገኘታቸው መጠን ከፍ ያለ ነበር። በጨቋኝ ቤት ያደጉት ደግሞ ታዛዦች ነበሩ፤ ለራሳቸው ያላቸው ግምትና መተማመን ግን ዝቅ ያለ ነው። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባል፤ ጥብቅ ቤት ልጅን ያሳዝዛል። ጥያቄው ልጁ ከአባቱ ዓይን ሲርቅ፣ በራሱ መወሰን የሚገባው ቀን ሲመጣ፣ በምን ይቆማል የሚለው ነው።

ከዚህም ቀደም ሲል ሼልደንና ኤሊነር ግሉክ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች በቦስተን ከተማ 500 አጥፊና 500 ያላጠፉ ወንዶች ልጆችን አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ1950 መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ሳምሰንና ላውብ የተባሉ ምሁራን ያንኑ መረጃ እንደገና መርምረው በ1993 ባወጡት ሥራ ሦስት ነገሮች ጎልተው ታዩ፦ የወላጅ ክትትል ማነስ፣ ጨካኝና ወጥነት የሌለው ቅጣት፣ እንዲሁም በወላጅና በልጅ መካከል ፍቅር መጥፋት። ድህነትም ቢሆን ወደ ጥፋት የሚመራው በአብዛኛው እነዚህን የቤት ውስጥ ነገሮች በማበላሸት በኩል ሆኖ ተገኘ። ይህ ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። ድሃ መሆን በራሱ ልጅን አያበላሽም። ነገር ግን ድህነት ወላጅን አድክሞ፣ አበሳጭቶ፣ ከቤት አርቆ ልጁን ያለ ጠባቂ ሲያስቀረው ያን ጊዜ ጉዳቱ ይመጣል።

ወጥነት የሌለው ቅጣት የሚለው ቃል በተለይ ሊያሳስበን ይገባል። ሰኞ የታለፈው ጥፋት ሐሙስ በዱላ የሚያስቀጣ ከሆነ፣ አባት የከለከለውን እናት በስውር የምትፈቅድ ከሆነ፣ ልጁ የሚማረው ደንብን ሳይሆን የወላጁን የፊት ገጽታ ማንበብን ነው።

ወላጅ የልጁን ውሎ የሚያውቀው እንዴት ነው?

ብዙ ጥናቶች የልጃቸውን ውሎ የሚያውቁ ወላጆች ልጆች ጥፋት ላይ የመገኘታቸው መጠን ዝቅተኛ መሆኑን አሳይተዋል። ከዚህ በመነሳት ብዙዎቻችን መፍትሔው ክትትልን ማጥበቅ ነው ብለን እንደመድማለን። ቦርሳ እንበረብራለን፣ ስልክ እንፈትሻለን፣ ጎረቤት እናሰልላለን።

ሆኖም ሃካን ስታቲንና ማርጋሬት ከር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጽሑፍ ማንም ያላነሳውን ጥያቄ አነሱ፦ “እነዚህ ወላጆች የሚያውቁትን ነገር ያወቁት ከየት ነው?” በስዊድን 703 የ14 ዓመት ልጆችንና ወላጆቻቸውን ጠይቀው ያገኙት መልስ የሚያስገርም ነበር። የወላጆቹ እውቀት ዋነኛ ምንጭ ስለላው ወይም ቁጥጥሩ ሳይሆን ልጁ ራሱ በፈቃዱ የሚናገረው ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገርም ይኸው ነው። ልጁ የሚናገርበት ቤት ልጁ የሚጠበቅበት ቤት ነው። ይህን ምላስ ዱላ ይዘጋዋል። ስድብና ማሳፈርም ይዘጋዋል። የማይሰማ ጆሮ ደግሞ ያደርቀዋል። ልጁ መናገር ካቆመ በኋላ የምናደርገው ፍለጋ ሁሉ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1969 ትራቪስ ሂርሺ የተባለ የማኅበራዊ ጥናት ሊቅ በካሊፎርኒያ ከ4,000 በላይ ተማሪዎችን አጥንቶ የደረሰበት ሐሳብም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ወላጅ ጥፋት በሚፈጸምበት ቦታ ሁሉ በአካል ሊገኝ አይችልም። ነገር ግን ልጁ ከወላጁ ጋር የጠበቀ ፍቅር ካለው በፈተናዋ ሰዓት ወላጁ በልቡ ውስጥ ይገኛል፤ “አባቴ ቢሰማ ምን ይሰማዋል?” ይላል። በልቡ ውስጥ ያለውን አባት በኪራይ አባት ሊተካው አይችልም።

“እኛስ በዱላ አይደል ያደግነው?”

ይህ ጥያቄ በየቤቱ ይነሳል፤ መልስም ይገባዋል። አዎን፣ ብዙዎቻችን ተገርፈን አድገናል፤ ደህና ሰዎችም ወጥተናል። ግን በዚያ ዘመን ከዱላው ጋር ምን ነበር? አያት ነበረች፣ አጎት ነበር፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ልጁን በስሙ ያውቀው ነበር። አባት ቢቆጣ እናት ደጅ የምትማጸንበት ጎረቤት አይጠፋም ነበር። ዛሬ በኮንዶሚኒየም ሕንፃ ላይ በር ተዘግቶ የሚመታ ልጅ አማላጅ የለውም፤ ከበሩ ውጪ የሚጠብቀው ጓደኛና በእጁ ያለው ስልክ ብቻ ነው። ደግሞም ከእኛ ጋር ተገርፈው ከቤት ኮብልለው የቀሩትን አብሮ አደጎቻችንን መቁጠር አንርሳ።

አንዳንድ ወላጆች ስለ ሶላት የተዘገበውን ሐዲስ ይጠቅሳሉ። ልጆች ሰባት ዓመት ሲሞላቸው በሶላት ይታዘዙ፣ አስር ሲሆናቸው በመተዋቸው ይቀጡ የሚል ይዘት ያለው ነው። ነገር ግን በሰባትና በአስር መካከል ሦስት ሙሉ ዓመት እንዳለ ማን ያስተውላል? በቀን አምስት ጊዜ ለሦስት ዓመት ማስተማር፣ ማስታወስ፣ አብሮ መስገድ ቀድሟል። ዑለሞችም ቢሆኑ ቅጣቱ ፊት ላይ እንዳያርፍ፣ እንዳያቆስል፣ ለማስተማር እንጂ ንዴትን ለመወጣት እንዳይሆን ብርቱ ገደብ አድርገውበታል። ሦስቱን ዓመት ሳያስተምር ዘልሎ ወደ ቀበቶው የሄደ አባት በዚህ ሐዲስ ሊከላከል አይችልም። በት/ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ደግሞ አካላዊ ቅጣት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 የተከለከለ ነው።

ከቁርኣን ታሪኮች ውስጥም ለዚህ ጉዳይ የሚስማማ አለ። የዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ታሪኩ የሚጀምረው በምንድን ነው? አንድ ታዳጊ ልጅ ያየውን ሕልም ለአባቱ በመንገሩ ነው። ልጁ ማንን መንገር እንዳለበት አላመነታም። አባቱ ያዕቁብም (ዐ.ሰ.) አልሳቀበትም፣ “ቅዠት ነው” ብሎም አላባረረው፤ ሰማው፣ ከዚያ መከረው፣ አስጠነቀቀውም። ዛሬ የኛ ልጆች ሕልማቸውን፣ ፍርሃታቸውን፣ ስሕተታቸውን መጀመሪያ የሚነግሩት ለማን ነው?

ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ዝሙት እንዲፈቀድለት ሊጠይቅ ስለመጣው ወጣት የተዘገበውም እንዲሁ ነው። በዙሪያው ያሉት ሰዎች ሲገሥጹት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ራሳቸው አቀረቡት፤ ለእናቱ፣ ለልጁ፣ ለእህቱ ይወድ እንደሆነ እየጠየቁ ራሱ እንዲያስተውል አደረጉት፤ እጃቸውንም አኑረው ዱዓ አደረጉለት። ሐራሙ ሐላል አልሆነም፤ ወጣቱም አልተባረረም። ልቅም ጨካኝም ያልሆነው መንገድ ይህ ነው።

አባቶች ሆይ!

እ.ኤ.አ. በ2009 ማሽቴልድ ሁቨና ጓደኞቿ 161 ጥናቶችን በአንድነት መርምረው ከወላጅ ጠባይ ሁሉ ከወጣት ጥፋት ጋር ይበልጥ የተቆራኙት የክትትል ማነስ፣ ልጅን በማሳፈርና በማስጨነቅ መቆጣጠር፣ እንዲሁም ልጅን መጥላትና መግፋት መሆናቸውን አገኙ። በተጨማሪም አባት ከልጁ ድጋፉን ሲነፍግ የሚደርሰው ጉዳት እናት ስትነፍግ ከሚደርሰው በልጦ ተገኘ፤ በተለይ ለወንድ ልጆች። እኛ ዘንድ ግን ልጅ ሲያጠፋ “የእናቱ ልጅ” ይባላል። እናት በቀን አሥር ጊዜ የምትናገረውን ያህል አባት በሳምንት አንድ ጊዜ ቢያወራ ኖሮ ስንቱ ነገር ሳይቃጠል በቅጠል በተባለ ነበር! ለደንበኛ ፈገግ፣ ለጓደኛ ተጫዋች፣ ቤት ሲገባ ግን ኮስታራ የሆነውን ሰው አበው “የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ” ይሉታል።

ይሁን እንጂ ይኸው ጥናት ትሕትናንም ያስተምራል። የወላጅ ጠባይ በወጣቶች ጥፋት መካከል ካለው ልዩነት የሚያስረዳው እስከ 11 በመቶ የሚደርሰውን ነው። የቀረው የጓደኛ፣ የሰፈር፣ የት/ቤትና የልጁ የራሱ ተፈጥሮ ድርሻ አለበት። ደግሞም አስቸጋሪ ልጅ ራሱ ወላጁን ቁጡ ሊያደርገው ይችላል፤ ነገሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ አይደለም። ስለዚህ ልጁ የጠፋበትን ጎረቤታችንን “አሳዳጊ የበደለው” እያልን አንኮንን። የኑሕ (ዐ.ሰ.) ልጅ አባቱን አልሰማም፤ የያዕቁብም ልጆች ወንድማቸውን ጉድጓድ ጥለዋል። በእኛ እጅ ያለው ድርሻ ትንሽም ይሁን ብዙ የምንጠየቅበት ግን በእርሱ ነው።

ምን እናድርግ?

1. መጀመሪያ እንስማ። መጥፎ ዜና ሲመጣ ከቅጣቱ በፊት “ከአንተ መስማት እፈልጋለሁ” እንበል። ቁጣው ካየለ ነገሩን ለማግስቱ እናሳድረው።

2. እውነት የተናገረ ልጅ ከዋሸው የተሻለ ማግኘት አለበት። ሁለቱም እኩል የሚገረፉ ከሆነ እውነትን የሚመርጥ አይኖርም።

3. ደንቦቻችን ጥቂት ይሁኑ፤ ግን የጸኑ ይሁኑ። የመግቢያ ሰዓት፣ የስልክ ሰዓት፣ የሶላትና የጥናት ሰዓት። አባትና እናት አስቀድመው ይስማሙ፤ በልጁ ፊት አይፍረሱ።

4. ጥፋቱን እንጂ ልጁን አንሳደብ። “ሰርቀሃል” እና “ሌባ ነህ” አንድ አይደሉም። ሌባ የተባለ ልጅ የሚቀበለው የሌቦች ጓደኝነት ነው።

5. ሳንጠራ ት/ቤት እንሂድ። በየወሩ ለአንድ ሰዓት ሱቃችንን ዘግተን የክፍል ኃላፊውን መምህር እናነጋግር። ፊታችንን የሚያውቅ መምህር በኪራይ አባት አይታለልም።

6. ከልጅ ጋር ያለ ምክንያት እንዋል። ወደ ጁምዓ አብሮ መሄድ፣ ሻይ መጠጣት፣ ስለ ኳስ ማውራት ጊዜ ማባከን አይደለም። ትልቁ ወሬ የሚመጣው በትንንሾቹ ወሬዎች በተጠረገው መንገድ ነው።

7. በአረብ አገር ያላችሁ እናቶችና አባቶች ከገንዘቡ ጋር ጥያቄም ላኩ። “ምን ልላክልህ?” ከማለት በፊት “ዛሬ ምን ዋልክ?” በሉ። ልጁን ለያዘችው አያትም “ተቆጪው፣ አልከፋብሽም” የሚል ሙሉ ሥልጣን ስጡ።

ለመድረሳ ኡስታዞችና ለመስጊድ ጀመዓዎችም አንድ ቃል አለን። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ያጣ ልጅ ሁለተኛ በር የሚያንኳኳው እናንተ ዘንድ ነው። ጫት ሸቶታል፣ ጸጉሩን አሳድጓል ብላችሁ ከመስጊድ በር የመለሳችሁት ወጣት የሚሄድበት ሦስተኛው በር የት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ውድ ወላጆች፣ ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይባላል። የ2ኛ ደረጃ ተማሪ ንፍጥ በመሐረብ የሚጠረግ አይደለም፤ ከክፍል መፎረፉ፣ ውሸቱ፣ ኩርፊያው ነው። ዛሬ ማታ ወደየቤታችን ስንገባ ራሳችንን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ልጄ ነገ “ወላጅ አምጣ” ቢባል ወደ እኔ ይመጣል ወይስ መንገድ ላይ ይፈልጋል? መልሱ ካስደነገጠን አልመሸም። በሩን አንኳኩተን፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን፣ “እንዴት ዋልክ?” በማለት መጀመር እንችላለን። በመጀመሪያው ቀን “ደህና” ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ይሆናል። በማግስቱም እንመለስ።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ እኛንም የሚነገረን ወላጆች ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።